ሳህኑ ቶሎ ቶሎ ሲደርቅ

«ይኼ ውሻ ውሃ አበዛ።»

እናቴ ይህን ያለችው የካቲት ላይ ነው፤ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ወር። ስለዚህ ማንም ልብ አላላትም። እኔ «አርጅቶ ነው» አልኩ፣ ወንድሜ «ሙቀቱ ነው» አለ። መቻል አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ዘሩ የማይታወቅ፣ 18 ኪሎ የሚመዝን ቡናማ የግቢ ውሻ ነበር። ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት። በእኛ አገር የውሻ ስም ውሻውን ለመጥራት ብቻ አይወጣም፤ ከአጥር ወዲያ ሆኖ ለሚሰማም ሰው መልእክት ነው። ያ መልእክት ለየትኛው ጎረቤት እንደተላከ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

እሷ ግን ከእኛ ጋር አልተከራከረችም። ባለ ሁለት ሊትር ባዶ ሃይላንድ አነሳች። ጠዋት ሞልታ ሳህኑ ላይ ትገለብጣለች፣ ሲያልቅ ትደግማለች፣ ማታ የቀረውን መልሳ ትለካለች። ሌላ የሚጠጣበት ቦታ እንዳይኖር የቧንቧውን ባልዲ ከደነችው። ሦስት ቀን ለካች። በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ሆኖ ተገኘ።

የጤነኛ ውሻ ልክ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 50 ወይም 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ መረቅ ያለው ምግብ የሚበላ ከዚያም ያነሰ ይጠጣል። ሐኪሞች «ይህስ ጤና አይደለም» የሚሉት በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ነው። ለመቻል ያ ወሰን 1.8 ሊትር ነበር። እናቴ ይህን ስሌት አታውቀውም፤ ቁጥሩን ግን በእጇ ይዛ ነበር፤ ከእኛ ግምት የሷ ሃይላንድ በለጠ። ውሃ ማብዛት የስኳር በሽታም፣ የማህፀን መመረዝም፣ የሌሎች ሕመሞችም ምልክት ሊሆን ይችላል። በሸመገለ ውሻ ላይ ሲታይ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኩላሊት ነው።

ብዙ ሰው ኩላሊት ታመመ ሲባል ሽንት ይቀንሳል ብሎ ያስባል። በድንገተኛ ጉዳት ጊዜ እውነትም ሊቀንስ፣ ጨርሶም ሊጠፋ ይችላል። ቀስ ብሎ በሚገድለው በሥር ሰደዱ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሽንት ይበዛል። ይህን ለመረዳት እህል የምትለቅም ሴት ማሰብ ይበቃል። ጆንያውን ሙሉ በሙሉ ሰፌድ ላይ ትዘረግፈዋለች፤ ፍሬ ፍሬውን መልሳ ትከታለች፤ ጠጠርና ገለባው ሰፌዱ ላይ ይቀራል፣ ይደፋል። ኩላሊትም እንዲሁ ነው። መጥፎውን እየመረጠ አይጥልም። ከደም ውስጥ ውሃውንም፣ ጨውንም፣ ስኳሩንም፣ ቆሻሻውንም አንድ ላይ ያፈሳል፤ ከዚያ የሚጠቅመውን እየለቀመ ይመልሳል። ካፈሰሰው ውሃ ከመቶው 99 ያህሉ ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል።

ለቃሚዎቹ ኔፍሮን ይባላሉ። በአንድ የውሻ ኩላሊት ውስጥ 400,000 ያህል ናቸው፤ በሰው ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ። ውሻ ከተወለደ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ አይፈጠርለትም። የሞተው በጠባሳ ይተካል፣ ሥራው ለቀሩት ይደረባል። አሁን ለቃሚዎቹ በግማሽ፣ በሁለት ሦስተኛ ሲቀንሱ እህሉ ግን እንደ ወትሮው ሲመጣ አስቡት። ለእያንዳንዷ የሚደርሳት ይበዛል፣ ትቸኩላለች፣ ፍሬውም ከገለባው ጋር ይደፋል። እዚህ ላይ ፍሬው ውሃ ነው። ሽንቱ ይቀጥናል፣ ይበዛል፤ ውሻው የፈሰሰውን ለመተካት ይጠጣል። ስለዚህ ብዙ ስለጠጣ አይደለም ብዙ የሚሸናው፤ ሽንቱ ነው ውሃውን የሚጠራው።

ይህን ቅደም ተከተል ማወቅ ሕይወት ያድናል። መቻል ሌሊት በረንዳውን ማርጠብ ሲጀምር አንዲት ጎረቤታችን በቅንነት «እትዬ፣ ማታ ማታ ውሃውን አንሺበት» ብለው መከሩ። ይሄ ከምክር ሁሉ የከፋው ነው። ውሃ የተከለከለ የኩላሊት በሽተኛ ሽንቱን መቀነስ አይችልም፤ ስለዚህ በአንድ ሌሊት ይደርቃል። የደረቀ ሰውነት ለኩላሊት የሚልከው ደም ይቀንሳል፤ የቀሩትም ኔፍሮኖች ይሞታሉ። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው የሚያልፍበት ቦታ የደም ማነስን አይታገሥም። እናቴ ውሃውን አላነሳችም፤ በረንዳው ላይ አሮጌ ጆንያ አነጠፈች።

ኩላሊት ግን ለምን ቀድሞ አይናገርም? ትርፍ ስላለው ነው። ውሻ ሽንቱን ማወፈር የሚያቅተው ከኔፍሮኖቹ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ካለቀ በኋላ ነው። በደም ምርመራ ቆሻሻው ከፍ ብሎ የሚታየው ደግሞ ሦስት አራተኛው ሲያልቅ። እስከዚያ ውሻው ይጮኻል፣ ይበላል፣ በሩን ይጠብቃል። ስለዚህም «ሳምንት ሙሉ ደህና ነበር፣ ትናንት ድንገት ታመመ» የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለም። ድንገት የሆነው መታየቱ ነው። ምን እንደጀመረውም በዚያን ጊዜ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የአይጥ ሽንት ከነካው ውሃ የሚመጣው ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ የጥርስና የድድ ኢንፌክሽን፣ ጠጠር፣ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ባሉ አገሮች ደግሞ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ሌሽማንያ፣ ሁሉም ተጠርጣሪ ናቸው። ጠባሳው ግን የማንን እጅ እንደሆነ አይናገርም።

መቻልን ይዘን የሄድንበት ክሊኒክ ደምና ሽንት ወሰደ። የሽንቱ ጥግግት 1.010 ነበር። ጤነኛ ውሻ ሲጠማ ሽንቱ ከ1.030 በላይ ይወፍራል፤ ከ1.008 እስከ 1.012 ያለው ግን ኩላሊቱ ሳይነካው ያለፈ ፈሳሽ ነው፣ አወፈረውም አላቀጠነውም። ክሬያቲኒኑ ደግሞ በዴሲ ሊትር 3.2 ሚሊ ግራም ወጣ።

ክሬያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። በክሬያቲኒን መጠን ላይ ተመሥርቶ ዓለም የሚጠቀምበትን የኩላሊት በሽታ ደረጃ ያወጣው በ1998 ቪየና ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ከ1.4 በታች ሆኖ ሌላ የኩላሊት ጉዳት ምልክት ካለ አንደኛ ደረጃ፣ ከ1.4 እስከ 2.8 ሁለተኛ፣ ከ2.9 እስከ 5.0 ሦስተኛ፣ ከዚያ በላይ አራተኛ። መቻል ሦስተኛው ላይ ነበር። ክሬያቲኒን ግን አንድ ማጭበርበሪያ አለው፤ ከጡንቻ ስለሚመጣ ጡንቻው ያለቀ ሽማግሌ ውሻ ላይ ቁጥሩ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይታያል። አጥንቱ ወጥቶ 2.6 የሚል ወረቀት የያዘ ውሻ ከወረቀቱ የባሰ ታሟል። ከ2015 ወዲህ በሌሎች አገሮች ክሊኒኮች ኤስዲኤምኤ የሚባል፣ በጡንቻ መጠን ብዙም የማይታለል፣ ቀድሞም የሚያስጠነቅቅ ምርመራ ተለምዷል። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ የሽንት ጥግግትና የቤት ሚዛን አብረው ሲነበቡ ብዙ ይናገራሉ።

ቪየና ከተነሳች ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በ1902 በዚያችው ከተማ ኤመሪክ ኡልማን የተባለ ቀዶ ሐኪም የአንዲት ውሻን ኩላሊት አውጥቶ በራሷ አንገት ላይ ሰፋው፤ ኩላሊቱም ሽንት አመነጨ። የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል። በ1913 ባልቲሞር ውስጥ ጆን ኤብል የሕያው ውሻን ደም በቱቦዎች አሳልፎ ሲያጥበው፣ ደሙ እንዳይረጋ ከአልቅት የተገኘ ንጥረ ነገር ተጠቅሟል፤ የዛሬው ዲያሊሲስ አያት ይህ ነው። በ1934 ደግሞ ክሊቭላንድ ውስጥ ሃሪ ጎልድብላት የውሾችን የኩላሊት ደም ሥር በብር መቆንጠጫ ሲያጠብ ግፊታቸው ሽቅብ ወጣ። ኩላሊት የደም ግፊት አዛዥ መሆኑ የታወቀው፣ ዛሬ ሚሊዮኖች የሚውጡት የግፊት ክኒንም ፍለጋው የተጠናከረው ከዚህ በኋላ ነው። ውሾቹ አልተጠየቁም። ክኒኑ ተመልሶ ለእነሱ መሰጠቱን ሳይ ግን ዕዳ እንደመክፈል ይቆጠርልኛል።

ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ውሻ ጥሩ ተቀባይ አይደለም፤ አካሉ አጥብቆ ይገፋዋል። ዲያሊሲስም በጥቂት አገሮች በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ የሚሰጥ፣ ይልቁንም ለድንገተኛው ጉዳት የሚሆን ነው። ስለዚህ ለሽማግሌው ውሻ የሚቀርለት ሕክምና በአብዛኛው ማጀት ውስጥ ያለ ነው። ይህን የምለው ሐኪምን ለማቃለል አይደለም። የክሊኒኩ ሥራ የወር ሁለት ጊዜ ነው፤ የሳህኑ ግን የቀን ሁለት ጊዜ።

የመጀመሪያው የውሻ ኩላሊት ምግብም የተሠራው ማጀት ውስጥ ነው። በ1939 አሜሪካ ውስጥ ማርክ ሞሪስ ለተባለ የእንስሳት ሐኪም ባዲ የሚባል መሪ ውሻ መጣለት፤ የዓይነ ስውሩ የሞሪስ ፍራንክ ውሻ ነው፤ ኩላሊቱ ደክሟል። ሐኪሙ ፕሮቲንና ጨው የቀነሰ ምግብ ቀመመ፣ ከሚስቱ ጋር በቤታቸው እያበሰሉ በብርጭቆ ዕቃ አሽገው ይልኩ ጀመር። ብርጭቆው መንገድ ላይ እየተሰበረ ሲያስቸግር ወደ ቆርቆሮ ዞሩ። በ1948 ካንሳስ ካለ ፋብሪካ ጋር ተዋዋሉ፤ የሂልስ የሕክምና ምግብ ከዚያ መጣ።

ማርክ ሞሪስ ትክክለኛውን ሳህን በከፊል በተሳሳተ ምክንያት ነው ያዘጋጀው። ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ፕሮቲን ራሱ ኩላሊት ይበላል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1992 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲው ዴልማር ፊንኮ እና ባልደረቦቹ ይህን ለይተው ፈተኑት። ኩላሊታቸው በጣም የተቀነሰ ውሾችን አራት ቦታ ከፈሉ፤ ከፊሉ 16 በመቶ ከፊሉ 32 በመቶ ፕሮቲን፣ ከእያንዳንዱም ከፊሉ 0.4 በመቶ ከፊሉ 1.4 በመቶ ፎስፈረስ በላ። ዕድሜ ያራዘመው የፎስፈረሱ ማነስ ሆነ። ፕሮቲኑ በዕድሜያቸው ላይ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም።

ፎስፈረስ በሥጋ፣ በወተት፣ በአጥንት፣ በእህል ሁሉ ያለ ማዕድን ነው፤ የሚወጣውም በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይከማቻል። ሰውነት ይህን ለማስወገድ ከአንገት ዕጢዎች ፓራታይሮይድ ሆርሞን ያወጣል፣ ሆርሞኑም ከአጥንት ካልሲየም ይመዝዛል፤ ካልሲየምና ፎስፈረስ ተጋብተው ደግሞ በለስላሳው አካል ላይ፣ በኩላሊቱ በራሱ ላይ ሳይቀር፣ እንደ ኖራ ይቀመጣሉ። ለማዳን የተጀመረው ጥረት አጥፊ ይሆናል። ፕሮቲን የሚቀነሰው በሌላ ምክንያት ነው፤ ከሱ የሚመጣው ዩሪያና መሰሎቹ ውሻውን ስለሚያቅለሸልሹት፣ አፉን ስለሚያቆስሉት። ደግሞም ፕሮቲን ባለበት ፎስፈረስ አለ።

የሳህኑ መለወጥ ምን ያህል ያመጣል? በ2002 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 38 የታመሙ ውሾችን ለሁለት ከፍለው፣ ባለቤቱም ሐኪሙም የትኛው ምን እንደሚበላ ሳያውቁ፣ ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። የተለመደውን ምግብ የበሉት ከዚያ በኋላ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ 188 ቀን ነበር፣ የኩላሊት ምግብ የበሉት 594 ቀን። ከአንድ ዓመት በላይ ልዩነት ነው። ይህን ያህል የሚሰጥ ክኒን በዚህ በሽታ ውስጥ አላውቅም።

አሁን ወደ እኛ ግቢ እንመለስ። የአዲስ አበባ ውሻ ምን ይበላል? ከሉካንዳ የሚመጣ ሳንባና አጥንት፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የወጥ ትራፊ። ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብለን ስናየው ከሳህኑ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

አጥንት ማለት የካልሲየምና የፎስፈረስ ድንጋይ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ከመቶ 85 ያህሉ እዚያ ነው ያለው። መቻል አጥንት በቆረጠመ ቁጥር በሽታውን ይቆረጥም ነበር። ለእናቴ ከሁሉም የከበዳት ይህን መከልከል ነው፤ የፋሲካ ለት ውሻ አጥንት ካጣ መቼ ሊያገኝ ነው? እንጀራው ቀጠለ። ጤፍ በማዕድን የታወቀ እህል ነው፣ ፎስፈረሱም የበዛ ነው፤ በደረቅ እህል ውስጥ ከፊሉ ታስሮ ሳይፈጭ ያልፋል፣ እርሾው ግን ይፈታዋል። ለጤነኛ ሰው ይህ በረከት ነው። የወጡ ትራፊ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለው። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈነዳሉ። የታመመ ኩላሊት ደም እንዲሠራ ለመቅኔ የሚያዘውን ሆርሞን ማመንጨት አቅቶት ውሻው ቀድሞውኑ ደም አንሶታል፤ ሽሮው የቀረውን ይወስድበታል። ጨውና በርበሬው ላይ አልቆይም።

የተዘጋጀ የኩላሊት ምግብ ማግኘትና መግዛት ለሚችል ያ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ለእኛ አልሆነም፤ ሲገኝም ዋጋው የሰው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በግራም የሠራልንን ቀመር እናቴ ታበስል ነበር። መሠረቱ ነጭ ሩዝ ነው፣ ከእህሎች ፎስፈረሱ አነስ ያለ። ከላዩ ትንሽ ሥጋ፣ ተቀቅሎ ውሃው የተደፋ፤ ከፎስፈረሱ ከፊሉ ከውሃው ጋር ይሄዳልና። የእንቁላል ነጩ ክፍል፤ ከሁሉ የላቀ ፕሮቲን ይዞ ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። አስኳሉ ግን በፎስፈረስ የተሞላ ነው፣ እሱን ወንድሜ ይበላዋል። ለጉልበት ዘይት። የተመጠነ የካልሲየም ዱቄት፣ ቪታሚንና የዓሣ ዘይት። የዓሣ ዘይቱ የቅንጦት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ኦሜጋ ሦስት የኩላሊቱን መቆጣት ያበርዳል፣ በውሾች ላይም ተፈትኗል።

ግራሙን እዚህ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለኩላሊት ሕመምተኛ ውሾችና ድመቶች ተብለው በመጻሕፍትና በሌሎች ቦታዎች የቀረቡ 67 የቤት ምግብ ቀመሮችን መርምሮ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሟላ አንድም አላገኘም። የመቻል ቀመር ለመቻል ክብደትና ለመቻል ደም የተሠራ ነው። የሌላ ውሻ ከሌላ ደም መጀመር አለበት።

አዲሱ ምግብ የሚቀርብበት ጊዜ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ውሻው እያቅለሸለሸው ሳለ ከቀረበለት ሕመሙን ከምግቡ ጋር ያስተሳስረዋል፣ ከዚያ በኋላ በዓመቱም አይነካውም። መጀመሪያ ማቅለሽለሹ ይታከም፤ ማሮፒታንት ወይም ከሰው መድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦንዳንሴትሮን ለዚህ ይሆናሉ፣ መጠኑን ሐኪም ካዘዘው። ከዚያ በሳምንት በሁለት ሳምንት፣ ከአሮጌው እየቀነሱ ከአዲሱ እየጨመሩ። ለብ ያለ ምግብ ይሸታል፣ የሚሸት ምግብ ይበላል። ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ ክርክሩን መተው ነው፤ ያልተበላ ትክክለኛ ምግብ ከተበላ መካከለኛ ምግብ አይሻልም።

በሳህኑ ብቻ ፎስፈረሱ ካልወረደ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድን የመሰለ አሳሪ ይጨመራል። ሆድ ውስጥ ፎስፈረሱን ይዞ በሰገራ ይወጣል። ከምግብ ጋር ካልተደባለቀ የሚያስረው ነገር የለም፤ ጠዋት በባዶ ሆድ መስጠት ገንዘብ መጣል ነው። ለጨጓራ ማቃጠል የሚሸጡት ብዙዎቹ ሽሮፖች ማግኒዥየም የተቀላቀለባቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ የደከመ ኩላሊት ማግኒዥየምን ማስወጣት ይቸግረዋል።

ግፊትን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የውሻ የላይኛው ግፊት ከ140 በታች ቢሆን መልካም፣ 160 ሲያልፍ ሕክምና ይፈልጋል፣ 180 ሲደርስ ዓይንና አንጎል አደጋ ላይ ናቸው። ውሻቸው በአንድ ሌሊት የታወረባቸው ሰዎች አሉ፤ ግፊቱ ሬቲናውን ከቦታው አላቅቆት ነው። ኩላሊቱም ላይ እንዲሁ ይሆናል። ግፊቱ ወንፊቱን ይቀደዋል፣ በቀዳዳው ፕሮቲን ያመልጣል፣ ያመለጠው ፕሮቲን ደግሞ ቱቦዎቹን ያቆስላል፤ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ። ኤናላፕሪል እና ቤናዜፕሪል የሚሰጡት ይህን የፕሮቲን መፍሰስ ለመቀነስ ነው፤ ግፊቱን በደንብ ለማውረድ አምሎዲፒን ይጨመርበታል። የጎልድብላት ውሾች ያስተማሩት ትምህርት ነው። መቻል ደርቆ ወይም እያስመለሰ ባለበት ቀን ግን እነኤናላፕሪልን ማቆም እንዳለብን ሐኪሙ ደጋግሞ አስጠንቅቆናል።

አሁን የምናደድበት ነገር። ከምርመራው ሁለት ዓመት በፊት መቻል ያነክስ ነበር፤ በሰፈራችን ካሉት መድኃኒት ቤቶች አንዱ ገብቼ ስነግር «ለሰውም የሚሆን ነው» ተብሎ ዳይክሎፌናክ ተሰጠኝ። እኔም አመስግኜ ሰጠሁት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ። ማነከሱ ቆመ። ዳይክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ኬሚካል በመዝጋት ነው። ይኸው ኬሚካል ነው በችግር ጊዜ የኩላሊትን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዘው። በተለይ ውሻ እነዚህን የሰው መድኃኒቶች አይችልም፤ ጨጓራውንም ኩላሊቱንም ይበሱታል። ኔፍሮኖቹን ያ ሳምንት ነው የጨረሳቸው ልል አልችልም፤ አልረዳቸውም ማለት ግን እችላለሁ። ዘቢብና ወይንም እዚሁ መዝገብ ውስጥ ይግቡ። ጥቂት ፍሬ የአንዳንድን ውሻ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊያቆም ይችላል፤ ልጅ ከእጁ የሚያቀምሰው ነገር ስለሆነ ነው የማነሳው።

ከምርመራው በኋላ በስምንተኛው ወር መቻል ጠጥቶ የሚሸናውን መድረስ አቃተው። ቆዳውን ቆንጥጠን ስንለቅ ቀስ ብሎ ይመለስ ጀመር፣ ድዱ ተለጣፊ ሆነ። ሐኪሙ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠትን አስተማረን። ሰው ሁሉ «ጉሉኮስ» ይለዋል፤ ስኳር ግን የለበትም፣ ሪንገር ላክቴት ነው፣ ስኳር ያለው ከቆዳ ሥር አይሰጥም። ከረጢቱ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል። እናቴ የመስኮቱ ብረት ላይ ትሰቅለዋለች፤ እኔ የትከሻውን ቆዳ እንደ ድንኳን አንስቼ መርፌውን ከሥሩ አገባለሁ። በመጀመሪያው ቀን በወዲያ በኩል አውጥቼ ግማሹን ፈሳሽ ወንድሜን አጠጣሁት። በሁለተኛው ሳምንት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ፈሳሹ የግመል ሻኛ መስሎ ያብጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ወደ ፊት እግሩ ወርዶ ይጠፋል። መጀመሪያ የሚያይ ሰው ይደነግጣል። ልቡ የታመመ ውሻ ላይ ግን ይህ ሊገድል ስለሚችል ያለ ሐኪም አይጀመርም።

የእንስሳት ሕክምና በአገራችን ያደገው በከብት ዙሪያ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ፋኩልቲው በ1979 ሲከፈት አርሶ አደሩ በሬ ነበር የሚሞትበት፤ ለውሻ የታሰበው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። የዛሬዎቹ ወጣት ሐኪሞች የውሻን ግፊት የሚለኩት ራሳቸው ፈልገው በተማሩት ነው። ለእነሱ ከሁሉ የሚጠቅማቸው ባለቤቱ ቤት የሚመዘግበው ነገር ነው። እናቴ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበራት። የጠጣው ውሃ፣ የበላው፣ ያስመለሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንድሜ አቅፎት ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ብቻውን ይወጣል፣ ልዩነቱ ይጻፋል። ከቁጥሮቹ ሁሉ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነበር። 17.6፣ 17.5፣ 17.5። በአሥራ አንደኛው ወር 16.2።

መጨረሻው በአፍ ጠረን ይታወቃል፤ አሞኒያ የሚመስል፣ የሽንት ጠረን። ምላስ ዳር ላይ ቁስል፣ ከዚያ እንቁላሉን ማሽተትና ፊትን ማዞር። ክሬያቲኒኑ 7 አልፏል። ሐኪሙ በሆስፒታል ለሦስት ቀን በደም ሥር ፈሳሽ ሊሞክር እንደሚችል፣ ከዚያም በመርፌ ማሳረፍ የሚባል መንገድ እንዳለ ነገረን። በእኛ ቤት ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ነፍስ የሰጠ ይውሰድ የሚል ሰው አለ፣ እናቴም አንዷ ናት። ሐኪሙ አልተከራከራትም። «እማማ፣ ከዚህ ወዲያ የሚገድለው ረሃብና ማቅለሽለሽ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ስንት ቀን ራሱ ነበር? ደብተሩን ይዩት» አላት ብቻ።

ማታ መነጽሯን አድርጋ ገጾቹን ስትገልጥ አየኋት። ከምርመራው ቀን ጀምሮ አሥራ አራት ወር ነበር፤ የሃይላንድ ልክ በየመስመሩ። በማግስቱ ሐኪሙ ቤት ድረስ መጣ፤ መቻል በረንዳው ላይ፣ ጆንያው ላይ ነበር። በዚያ ቀን መስመር ላይ እናቴ ቀኑን ጽፋለች፤ የውሃው ቦታ ባዶ ነው።